ፎቶ ቤቱና ልብስ ሰፊዋ

መካነ ሰላም ፎቶ ቤት የከፈትኩት አብዮቱ በፈነዳ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ነው። ያን ጊዜ ለመታወቂያውም፣ ለማኅበር ደብተሩም፣ ለሥራ ማመልከቻውም ጉርድ ፎቶ መጠየቅ ተጀምሮ ስለነበር የአገሬ ሰው ለአንድ ጉርድ ፎቶ ብሎ ደሴ ድረስ ይመጣ ነበር። እኔ ደሴ ከአንድ ፎቶ ቤት ተቀጥሬ እሠራለሁ። ከወግዲ ወይም ከከላላ የመጣ ገበሬ በርኖሱን እንደደረበ፣ የመንገዱን አቧራ እንኳ ሳያራግፍ ካሜራው ፊት ሲቀመጥ አነጋገሩ ያደግኩበትን ቤት ያስታውሰኛል። አንድ ቀን የፎቶ ቤቱ ባለቤት፣ ሙያውን ያስተማሩኝ ሽማግሌ፣ "አንተ እዚህ ምን ትሠራለህ? ሰዎችህ እኮ ይህን ሁሉ መንገድ የሚመጡት አንተ እዚያ ስለሌለህ ነው" አሉኝ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። እሳቸው ግን የድሮ ካሜራቸውን ከነማቆሚያው አውጥተው ሰጡኝ።

ከእኚህ ሰው የተማርኩት ዋናው ነገር ስለ ካሜራ አልነበረም። "ሰው ፎቶ ቤት ሲገባ ፊቱን አስተካክሎ ነው የሚገባው" ይሉ ነበር። "አትቸኩል። የተስተካከለ ፊት ይደክማል። ሲደክም ይወርዳል። ያን ጊዜ አንሳ።" ደንበኛውን አስቀምጠው ስለ ዝናቡ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ መንገዱ ይጠይቁታል። ሰውየው ስለ በሬው ማውራት ሲጀምር ፎቶውን ይረሳዋል፤ እሳቸው ግን አይረሱም።

የተሳፈርኩበት የጭነት መኪና አቀስታን አልፎ ደጋው ላይ ሲወጣ ጉም መንገዱን ስለዋጠው ሾፌሩ መብራት አብርቶ በእግር መንገደኛ ፍጥነት ነበር የሚነዳው። እኔ ከላይ ጨው በሞላባቸው ጆንያዎች መሃል ካሜራዬን በጋቢ ጠቅልዬ ታቅፌ ተቀምጫለሁ። መካነ ሰላም ስንደርስ ማንም የሚቀበለኝ አልነበረም። ቤተሰቦቼ ያሉት ወግዲ ገጠር ነው። አባቴ ቄስ ናቸው። እኔ የዜማ ትምህርቴን አቋርጬ ደሴ ከገባሁ ጀምሮ ስለ ሥራዬ ጠይቀውኝ አያውቁም፤ ሰው ስለ እኔ ሲጠይቃቸው "ከተማ ነው" ብቻ ይሉ እንደነበር እህቴ ነግራኛለች።

ወደ ገበያው በሚወስደው መንገድ ዳር ባለ ሁለት ክፍል የጭቃ ቤት ተከራየሁ። ቀን ቀን መብራት የለም፤ ጄኔሬተሩ የሚነሳው አመሻሽ ላይ ነው፣ እሱም ነዳጅ ሲኖር። ደሴ እንሠራ የነበረው በአምፖል ነው። ከፊት ለፊት ስለሚበራ የሰው ሁሉ ፊት እንደ ሳህን ጠፍጣፋ ሆኖ ይወጣል። እዚህ ግን ወደ ሰሜን የሚከፈት አንድ መስኮት ብቻ ነበረኝ። ፀሐይ በቀጥታ አይገባበትም፤ ብርሃኑ ቀስ ብሎ፣ ወተት በውሃ እንደተበረዘ ሆኖ ነው የሚገባው። ወንበሩን በመስኮቱ ጎን አኑሬ ሰውየውን ትንሽ ዘወር አድርጌ ሳስቀምጠው አንደኛው ጉንጩ ይበራል፤ ሌላው ወደ ጥላው ይገባል። የመጀመሪያውን ፎቶ አጥቤ ሳየው ደስ አለኝ። ሰውየው የሚያስብ ይመስላል።

የጨለማ ክፍሌም የሚሠራው በፀሐይ ነበር። ግድግዳው ላይ ትንሽ ቀዳዳ አብጅቼ ውጭ መስታወት አቁሜያለሁ፤ መስታወቱ የፀሐይዋን ብርሃን በቀዳዳው ያስገባልኛል፣ እኔም በዚያ አትማለሁ። ደመና ሲያልፍ ፎቶው ይጠቁራል ወይም ይነጣል። ክረምት ላይ ጉሙ ከተማውን ሲደፍነው ግን ቀናት ሙሉ አንድም ፎቶ ሳላትም እቀመጥ ነበር።

ያ አሠራሬ ግን ለሰው እንግዳ ነበር። ከወግዲ በኩል የመጣ አንድ ጎልማሳ ገበሬ ፎቶውን ተቀብሎ ወደ በሩ ወጣና አገላብጦ አየው። ከዚያ ተመልሶ ገባ።

"ግማሼን የት አደረስከው?" አለኝ።

"ምኑን?"

"ጆሮዬን! ሁለት ጆሮ ይዤ ገብቼ ባንድ ጆሮ ታስወጣኛለህ?"

"ዘወር ብለህ ስለተነሳህ ነው። ጆሮህ አለ፣ ከወዲያ በኩል ነው" አልኩት።

"ለእኔ አለ። ቀበሌው ጆሮ ቆራጣ ነው ብሎ ቢመልሰኝስ?"

ውጭ ተራ የሚጠብቁት ሰዎች ሳቁ። እኔም ሳቄን ውጬ ፊት ለፊት አስቀምጬ ሁለቱም ጆሮዎቹ እንዲታዩ አድርጌ በድጋሚ አነሳሁት። በማግስቱ ሲመጣ ሁለቱንም ፎቶ ወሰደ። "ይቺ ለቀበሌ፣ ያቺኛዋ ለቤት" አለ። ከዚያ ወዲህ እንዲህ ሆነ ልማዴ፦ ለመንግሥት ፊት ለፊት፣ ለቤት ዘወር።

በከተማው የማያውቀኝ አልነበረም። ነገር ግን ሰው ሁሉ እኔ ዘንድ የሚቀመጠው ለአፍታ ነው። ያን አፍታ ልክ እንደ ወዳጅ ተጠግቼው፣ የኮሌታውን ጫፍ አስተካክዬ፣ አገጩን በጣቴ ቀና አድርጌ፣ ወደ ዓይኑ አያለሁ፤ ከዚያ ተነስቶ ይሄዳል። ምሳዬን ከሻይ ቤት በልቼ ስመለስ የሚጠብቁኝ ገመድ ላይ ለመድረቅ የተሰቀሉ ፊቶች ናቸው። በዚያ ክፉ ጊዜ ደግሞ ሳይወሰዱ የቀሩ ፎቶዎች ነበሩ። ወጣት ይመጣል፣ ይነሳል፣ "ነገ እወስደዋለሁ" ይላል፣ ነገ አይመጣም። የት እንደገባ የሚጠይቅ የለም፤ እኔም አልጠይቅም። ፎቶውን ከገመዱ አውርጄ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጠዋለሁ።

ልብስ ሰፊዋ የመጣችው ከዚህ በኋላ ነው። ከጎኔ ያለችውን ክፍል ተከራይታ ታናሽ ወንድሟንና አንድ የስፌት መኪና ይዛ ከከላላ መጣች። አባቷ ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ ሲሞቱ መኪናውን ለእሷ ተውላት። ሴት ልጅ በመንገድ ዳር መኪና አውጥታ ስትሰፋ ከተማው አይቶ ስለማያውቅ መጀመሪያ ሰሞን ለመስፋት ከሚመጣው ይልቅ ለማየት የሚመጣው ይበዛ ነበር። በእኔና በእሷ ክፍል መካከል ያለው አንድ የጭቃ ግድግዳ ነው። ጨለማ ክፍል ውስጥ ቆሜ ስሠራ የመኪናዋ ድምፅ ይሰማኛል፤ ይሮጣል፣ ይቆማል፣ እንደገና ይሮጣል። ስትቆም ክር እየቀየረች እንደሆነ ማወቅ ጀመርኩ።

አንድ ቀን ጠዋት በሬ ላይ ቆመች።

"አሰላሙ አለይኩም፣ ጎረቤት።"

"ወአለይኩም ሰላም። ግቢ" አልኳት።

አልገባችም። መስኮቴ ላይ ለማስታወቂያ የለጠፍኳቸውን ፎቶዎች አንድ በአንድ ታይ ነበር። "ይህን ሁሉ ሰው አንድ ኮት ነው የዋጠው" አለች።

እውነቷን ነው። ከደሴ ይዤው የመጣሁት አንድ ጥቁር ኮት ነበረኝ። ኮት የሌለው ሰው እሱን አጥልቆ ይነሳል። ትከሻው ለአንዱ ይሰፋል፣ ለሌላው ይጠባል፤ እጅጌው የብዙውን ሰው እጅ እስከ ጣቱ ድረስ ይሸፍናል። እኔ ፊቱን እንጂ ልብሱን አይቼ አላውቅም።

"ምን ላድርግ ታዲያ?" አልኳት።

"አብሽር፣ እኔ አለሁ" ብላ ገባች።

ወንበሩ ላይ ኮቱን አጥልቆ ተራውን የሚጠብቅ አንድ መምህር ተቀምጦ ነበር። ኮቱን ከጀርባው ሰብስባ በመርፌ ቁልፎች ያዘችው፤ እጅጌውን ወደ ውስጥ አጥፋ አሳጠረችለት። መርፌዎቹን በከንፈሯ ይዛ ስለነበር የምትናገረው በዓይኗ ነው። ሰውየው ከፊት ሲታይ ኮቱ ለእሱ የተሰፋ መሰለ። መምህሩ መስታወቱ ፊት ቆሞ ራሱን አየና "እስካሁን የት ነበርሽ?" አላት።

ከዚያ በኋላ ደንበኛ ሲመጣ ግድግዳውን ሁለቴ መታ መታ አደርጋለሁ፤ መርፌዋን ይዛ ትመጣለች። ሥራ ስትፈታ ወንበሩ ጥግ ተቀምጣ ታየኝ ነበር። ብዙ አትናገርም። ስትናገር ግን የማላየውን ነበር የምትነግረኝ፦ ነጠላው ከዚህ በኩል ቢወድቅ፣ ሻሹ ትንሽ ወደ ኋላ ቢል፣ የደንበኛዋ እጅ ጭኗ ላይ ከሚሆን የቀሚሷን ጠርዝ ብትይዝ።

አንድ ጥቅምት ላይ ለራሷ ቀሚስ ሰፋች። ሰማያዊ የቴትሮን ጨርቅ ነው፤ ኮሌታው ትንሽ፣ ወገቡ የተሰበሰበ፣ እጅጌው እስከ አንጓዋ ድረስ ወርዶ እዚያ የተቆነጠጠ። ከተማው ውስጥ እንዲህ ያለ ቀሚስ አልነበረም። "አንሳኝ" አለችኝ፤ "ሰው እንዲያየው መስኮትህ ላይ ስቀለው።"

ወንበሩን አነሳሁና አቆምኳት። እንደ ልማዴ ፊቷ እስኪደክም መጠበቅ ጀመርኩ። ግን የሚደክም ነገር አልነበረም፤ የተስተካከለ ፊት ይዛ አልገባችም ነበር። ካሜራውን ትታ የእጅጌዋን ስፌት ታያለች። "እዚህ ጋ ጠማማ ሆኗል" ትላለች ለራሷ።

"ቀጥ ብለሽ ቁሚ" አልኳት።

"ልብስ የሚታየው ሰው ሲቆም አይደለም፣ ሲዞር ነው" አለችና ዞረች። እኔም በዚያው ቅጽበት የካሜራውን ቁልፍ ተጫንኩት።

የመስኮቱ ብርሃን ደካማ ስለነበር የካሜራው ዓይን ቀስ ብሎ ነው የሚከደነው። ፎቶው ታጥቦ ሲወጣ ፊቷ ጥርት ብሏል፣ የቀሚሱ ጫፍ ግን ደብዝዞ እንደ ጭስ ሆኗል። ተበላሽቷል ብዬ ልጥለው ነበር። እሷ ከውሃው ውስጥ በሁለት ጣቷ አወጣችውና ወደ ብርሃኑ ይዛ ቆየች። "አልተበላሸም" አለች። "ቀሚሱ እየሄደ እኮ ነው።"

በትልቁ አትሜ መስኮቱ ላይ ሰቀልኩት። በገበያ ቀን ሴቶች እየቆሙ ያዩታል፤ አንዷ ሌላዋን ትጠራለች። ከከላላ በበቅሎ የመጡ ሙሽሮች፣ ከደጎሎ በመኪና የመጡ የመንግሥት ሠራተኞች ጣታቸውን ወደ መስኮቱ እየጠቆሙ "እንደዚያችው አርጊልኝ" ይሏታል። ትሰፋለች፣ ያንኑ ቀሚስ ለብሰው እኔ ዘንድ ይመጣሉ፣ "ዙሪ" እላቸዋለሁ። ለጥምቀትም፣ ለኢድም፣ ለመውሊድም አዲስ ልብስ ትሰፋና አዲስ ፎቶ እንሰቅላለን። ከዚያ በፊት ፎቶ አንሺ ነበርኩ፤ በእነዚያ ዓመታት ግን የራሴ መልክ ያለው ሥራ ሠራሁ ብዬ አስባለሁ። ደሴ ላሉት መምህሬ አንዱን ፎቶ ፊልም ልገዛ በሄድኩበት ጊዜ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ቆይተው አዩት። "ይህን እኔ አላስተማርኩህም" አሉ፤ ደስ ብሏቸው ነበር።

ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል መኪናዋን ታስገባለች፤ ወንድሟ ከትምህርት ቤት ይመለሳል፤ በሯ ይዘጋል። እኔም የእኔን እዘጋለሁ። በግድግዳው በኩል ሲያወሩ ድምፃቸው ይሰማኛል፤ ቃሉ ግን አይለይም።

አንድ ቀን ከቀበሌ አንድ ሰው መጥቶ መስኮቱ ፊት ቆመ። ካኪ ለብሷል። ፎቶውን ብዙ አየው።

"ይህ ምንድነው?"

"ቀሚስ ነው" አልኩት።

"ሕዝቡ እየተዋደቀ ባለበት ጊዜ እናንተ ጌጥ ትሰቅላላችሁ? የቡርዧ ነገር ነው ይሄ። አውርደው።"

አወረድኩት። በምትኩ መፈክር የተጻፈበት ወረቀት ሰጠኝና እሱን ለጠፍኩ። የእሷን ፎቶ ጨለማ ክፍል ውስጥ፣ ከመስሪያ ጠረጴዛዬ በላይ ሰቀልኩት። ከጥቂት ጊዜ በኋላ የዚያው ሰውዬ ሚስት እሷ ዘንድ መጥታ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ "ያቺ ቀሚስ" ብላ ጠየቀች። ሰፋችላት። ፎቶ ግን ልትነሳ አልመጣችም።

አባቴ የመጡት በዚያው በጋ ነው። ለቤተ ክህነት ጉዳይ መካነ ሰላም መጥተው በቅሎአቸውን ከደጄ አሰሩ። እኔ ከሄድኩ ጀምሮ ሥራዬን ሲያዩ የመጀመሪያቸው ነበር። ሁሉንም ዞረው አዩ፤ ካሜራውን፣ መጋረጃውን፣ ገመዱን። ጨለማ ክፍል ሲገቡ በሩን ከፍቼ ብርሃን አስገባሁላቸው። ፎቶዋ ፊት ቆሙ።

"ይቺ ማናት?"

"ጎረቤቴ ናት፣ አባ። ልብስ ሰፊ ናት።"

"ከየት ናት?"

"ከከላላ። እስላም ናት።"

የመኪናዋ ድምፅ በግድግዳው በኩል ይሮጥ ነበር። አባቴ አዳመጡት። ከዚያ ወደኔ ዞሩ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይቀለኝ ነበር።

"እኔ እዚያ ደብር ቆሜ ነው የማረጀው" አሉ። "አንተም ልጄ ነህ። ነገሩ እንዲህ ከሆነ ደብሩንም አንተንም ይዤ መሄድ አልችልም፤ አንዱን አታስጥለኝ።"

"ምንም ያልኩት ነገር የለም እኮ" አልኳቸው።

"ያልከውን አላውቅም። የሰቀልከውን ነው ያየሁት።"

ሻይ አምጥቼላቸው ጠጡ። ፎቶ ላንሳዎት ስላቸው እጃቸውን አወዛወዙ። ሲወጡ በሯ ላይ ቆም ብለው "እንዴት ዋልሽ፣ ልጄ" አሏት። እሷም ከመኪናዋ ተነስታ "አልሐምዱሊላህ፣ አባ፣ እንደምን ዋሉ" አለች። በቅሎአቸው ላይ ወጥተው ሄዱ።

ወንድሟ የተወሰደው በገበያ ቀን ነው። የብሔራዊ ውትድርና ምልመላ ይካሄድ ነበር፤ በዚያ ቀን መውጫ መንገዶቹን ዘግተው ወጣቱን ከገበያው መሃል ሰበሰቡ። እናቶች እያለቀሱ እኔ ዘንድ ይሮጣሉ፣ "መኪናው ሳይነሳ አንሳልኝ" ይላሉ። ካሜራዬን ተሸክሜ መኪናዎቹ ወደቆሙበት ሄድኩ። ወታደሮቹ አልከለከሉኝም። ልጆቹን በቆሙበት፣ በመኪናው ላይ እንደተጫኑ አነሳኋቸው። እዚያ የሰሜን መስኮት የለ፣ መጠበቅ የለ። ወንድሟ ከጥጉ ሆኖ ሲያየኝ ሳቀ፤ እንደ ጨዋታ ነበር የያዘው። "ጋሼ፣ እህቴን ጠብቅልኝ" ብሎ ጮኸ።

እሷ ስትደርስ መኪናው ሄዷል። መንገዱ ላይ ተቀመጠች። ልትሰፋው የተሸከመችው የአንድ ደንበኛ ጨርቅ አቧራው ላይ ወድቆ ነበር። አንስቼ አራገፍኩላትና ወደ ቤቷ ወሰድኳት።

ከዚያ ወዲህ የመኪናዋ ድምፅ ተለወጠ። ያለ እረፍት ይሮጣል። ወንድሟ አሥመራ አካባቢ እንዳለ ከእረፍት የመጣ አንድ ወታደር ነገራት፤ ከዚያ በኋላ ወሬ ጠፋ። እኔ ከሻይ ቤት ምሳ መብላት ተውኩ፤ እሷ ዘንድ እበላለሁ። ደጁ ላይ ተቀምጠን ሰው ሁሉ እያየን ነው የምንበላው። እሷ መንገዱን ታያለች፣ እኔ እሷን።

አንድ ቀን፣ ዝናብ ሊጀምር ሲል፣ ነገርኳት። ያዘጋጀሁት ንግግር ነበር፤ አንዱንም አላልኩት። "አብረን ብንኖርስ?" ነው ያልኳት።

መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰካችው።

"አባትህን አይቻቸዋለሁ" አለች። "ደግ ሰው ናቸው። እኔን ከኋላህ አስከትለህ እዚያ ደጅ ስትደርስ ምን ይላሉ?"

"እኔ እነግራቸዋለሁ።"

"የእኔንም ዘመዶች አንተ ትነግራቸዋለህ?" ፈገግ አለች፤ ግን አዝና ነበር። "ወንድሜ የቀረኝ ሰው እሱ ብቻ ነው። እሱ ሳይመለስ ምንም አልወስንም። እሱ ይምጣ። ከዚያ እንነጋገራለን፣ ወላሂ።"

ያን ቃል ይዤ ክረምቱን በሙሉ ቆየሁ። በዚያ ዓመት ደጋው ላይ ጉሙ አልነሳ ብሎ ነበር፤ ፎቶ ማተም አልቻልኩም። ስፈልግ ግድግዳውን መታ መታ የማደርግበት ሥራ እንኳ አልነበረኝም።

ወንድሟ ተመለሰ። ከደሴ በመጣ መኪና፣ በአንድ የሰፈሩ ሰው ትከሻ ተደግፎ ወረደ። የፊቱ ግራ ጎን ከግንባሩ እስከ አገጩ ተቃጥሎ ጠባሳ ሆኗል፤ የዚያ ወገን ዓይኑ አያይም። እሷ አልጮኸችም። ሁለቱንም ጉንጩን ሳመችው፤ የተቃጠለውን ቀድማ።

ለጡረታ ወረቀት ጉርድ ፎቶ ያስፈልገው ስለነበር አንድ ጠዋት ይዛው መጣች። ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። የሰፋችለትን አዲስ ነጭ ሸሚዝ ለብሷል። እኔ እጄ እንደለመደው ወንበሩን አዞርኩት፤ ጤናማው ጉንጩ ወደ መስኮቱ፣ የተጎዳው ወደ ጥላው እንዲሆን።

"ለምን አዞርከኝ?" አለኝ።

"ብርሃኑ በዚህ በኩል ነው የሚገባው።"

"ጋሼ፣ አውቃለሁ። መልሰኝ።"

እህቱን አየኋት። መርፌዎቿን ይዛ ጥጉ ላይ ቆማለች። ራሷን ነቀነቀች፣ እሺ እንደማለት። ወንበሩን ወደ ፊት መለስኩት። ብርሃኑ በሙሉ ጠባሳው ላይ ወደቀ። እንደ ልማዴ ልጠብቅ ፈለግሁ፤ ስለ አየሩ ልጠይቀው አፌን ከፈትኩ። እሱ ግን በአንድ ዓይኑ ወደ ካሜራው ቀጥ ብሎ ያይ ነበር፤ የሚወርድ ነገር ፊቱ ላይ አልነበረም። አነሳሁት። ከሠራኋቸው ጉርድ ፎቶዎች ሁሉ ያን የሚያህል አላውቅም።

የተጎዳው ዓይኑ እያመመው፣ ቁስሉ እየመረቀዘ ስለሄደ ደሴ ሆስፒታል በየጊዜው መታየት ነበረበት። መንገዱን ደግሞ አይችለውም። ስለዚህ ሁለቱም ደሴ ሊኖሩ ወሰኑ። የጭነት መኪናው ላይ የስፌት መኪናዋን የጫንኩላት እኔ ነኝ፤ በገመድ አጥብቄ አሰርኩት። "ከዚያ እንነጋገራለን" ያለችውን እኔም አላነሳሁ፣ እሷም አላነሳች። ወንድሟ ከፊት ከሾፌሩ ጎን ተቀምጧል። እሷ ከላይ ሆና "ብርድ ነው፣ ግባ" አለችኝ። ቆሜ ቀረሁ።

ለፊልም ደሴ ስወርድ አገኘኋት። ከብዙ ሴቶች ጋር በአንድ የስፌት ማኅበር ተቀጥራ የወታደር ልብስ ትሰፋ ነበር። በምሳ ሰዓቷ ወጥታ ሻይ ቤት ተቀመጥን። ከስታለች፤ ጣቶቿ በካኪው ቀለም አርንጓዴ ሆነዋል። "ሁሉም አንድ ዓይነት ነው፣ ልኩም አንድ ነው" አለች፤ "ዓይኔን ጨፍኜ እሰፋዋለሁ።" ስለ ወንድሟ ነገረችኝ፤ ደህና ነው፣ ሱቅ ጠባቂ ሆኗል። ከዚያ ሻይዋን እያማሰለች ቆየች።

"ዘመዶቼ ሰው አምጥተዋል" አለች። "ነጋዴ ነው፤ ሚስቱ ሞታበታለች። ወንድሜንም ከእኔ ጋር ይወስደዋል።"

"ምን አልሽ?"

"እሺ አልኩ።" ቀና ብላ አየችኝ። "ልነግርህ ስጠብቅህ ነበር። ከሌላ ሰው እንዳትሰማ።"

"መልካም ጋብቻ ይሁንልሽ" አልኳት። ድምፄ ደህና ነበር። የምሳ ሰዓቷ አልቆ እስክትነሳ ድረስ ስለ መካነ ሰላም ጠየቀችኝ፤ ማን አገባ፣ ማን ሞተ፣ የእሷን ክፍል ማን ተከራየው። የእህል ነጋዴ መጋዘን አድርጎታል አልኳት። ሳቀች። "አይጥ ይገባብሃል እንግዲህ" አለች፤ በማግስቱ ወደ ደጋው በሚሄደው መኪና ተመለስኩ።

ከዚያ በኋላ መሥራቴን አልተውኩም። ደንበኛውን ግን ማዞር ተውኩ። ሁሉንም ፊት ለፊት፣ በሙሉ ብርሃን ነበር የማነሳው፤ ለመንግሥትም ለቤትም። አንዳንዱ "ድሮ የምታነሳው ይሻል ነበር" ይለኛል፤ እውነቱን ሊሆን ይችላል። ሴቶቹም "ዙሪ" የሚላቸው ስለጠፋ ቆመው ይነሳሉ። ከግድግዳው ወዲያ ጆንያ ሲጎተት ይሰማል። ወታደሮቹ ከከተማው ሲወጡና ሌሎች ታጣቂዎች ሲገቡ እነዚያም ፀጉራቸውን አጎፍረው፣ ቁምጣ እንደለበሱ መጥተው ወንበሬ ላይ ተቀመጡ፤ እነሱንም እንደዚያው አነሳሁ።

በመጨረሻዎቹ የደርግ ወራት አንድ ሰርግ ላይ ተጠርቼ ደጎሎ በኩል ሄጄ ነበር። ገብሱ ታጭዶ የተነሳበት ጊዜ ነው። ሙሽሮቹን፣ ሚዜዎቹን፣ የሁለቱንም ወገን ሽማግሌዎች አንድ በአንድ አነሳኋቸው። ሥራዬን ጨርሼ ካሜራዬን ሳጣጥፍ የሙሽራዋ አባት ከዳሱ ጠሩኝ። ሂድ ሳይሉ ተቀመጥ አሉኝ፤ ከጎናቸው ቦታ ለቀቁልኝ።

"ሰርግ በተደረገ ቁጥር አንተን ነው የማይህ" አሉኝ። "የራስህ ቤት የለህም እንዴ?"

"ሥራዬ ነው፣ አባቴ።"

"ሥራውስ ሥራ ነው። ፆምህን እኮ ነው የምትውለው፤ ቆመህ ሰው ስታይ ነው ያየሁህ።" እጃቸውን ወደ ትሪው ሰደዱና ትልቅ ጉርሻ ጠቅልለው ወደ አፌ አመጡት። "ና፣ ጉረስ።"

አፌን ከፍቼ ጎረስኩ። ሌላም ጠቀለሉ።